ቀይ ባሕር ላይ የወረደ ዘውድ
ክፍል ሦስት፦ ሦስት ሳምንት በአቃባ

(ካለፈው ሳምንት የቀጠለ። ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር ዘመኑ እ.ኤ.አ. ነው።)

ባለፈው ሳምንት ታሪኩን ያቆምነው ጅዳ ወደብ ላይ ነው። ወሩ ኦክቶበር 1924 ነበር። የናጅዱ ገዢ የኢብን ሳዑድ ተዋጊዎች፣ ኢኽዋኖች፣ ጣኢፍን ወርረው በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ከፈጁ ገና ብዙ አልቆየም። የሒጃዝ መኳንንትና ነጋዴዎች፣ ሸሪፍ ሁሴን ዘውዱን ለበኩር ልጃቸው ለአሊ ትተው እንዲሄዱላቸው አጥብቀው ለምነው አስፈቅደዋል። ሽማግሌው ንጉሥ ረቅመተይን ወደምትባለው መርከባቸው ሲወርዱ ግን ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። ሀብታቸው በቤንዚን ቆርቆሮ የታጨቀ ወርቅ ነበር። ቆርቆሮው ለዓይን ተራ ነው፤ የተሸከመው ሰው ግን ቤንዚን እንዳልሆነ ያውቀዋል። ምስጢሩ ተደብቆ አልቀረም፤ ከጅዳ ቅጥር ውጭ የነበረውም ጠላት ሰማው።

ያ ወርቅ የት ደረሰ? ብለን ነበር የተለያየነው።

አቃባ ደረሰ።

አቃባ ዛሬ የዮርዳኖስ ብቸኛ ወደብ ናት። ያኔ በተምር ዛፎች መካከል አንድ አሮጌ ምሽግ ያላት ትንሽ መንደር ነበረች፤ የማን እንደሆነች እንኳ በውል አልተቆረጠም። ሁሴን የሒጃዝ ናት ይላሉ። እንግሊዞች በሞግዚትነት ለያዙት ለትራንስጆርዳን የባሕር በር እንድትሆን ይፈልጓታል። ሁሴን እዚያ ተቀምጠው ለአሊ ገንዘብ መላክ ጀመሩ። ጃንዋሪ 1925 ላይ ጅዳ ስትከበብ፣ የአሊን ወታደር ያቆመው ከአቃባ የሚመጣው ወርቅ ነበር።

ኢብን ሳዑድ ምንጩን ሲያውቁ ፊታቸውን ወደ አቃባ አዞሩ። ያን ጊዜ ለንደን ደነገጠ። አቃባ ከተያዘች ኢኽዋኖች ፍልስጤም ደጃፍ ላይ መቆማቸው ነው፤ ከዚያ ወደ ሱዌዝ ቦይ ሩቅ አይደለም። ከኢብን ሳዑድ ጋር መዋጋት ደግሞ የማይታሰብ ነበር። እንግሊዞች የሒጃዝን ጦርነት የሃይማኖት ጉዳይ ነው ብለው፣ በቅዱሳን ከተሞች ጣልቃ እንደማይገቡ አስታውቀዋል። ስለዚህ ጠላትን ከመከላከል ይልቅ ወዳጅን ማንሳት ቀለላቸው።

በሜይ 1925 መጨረሻ ትእዛዙ ለሁሴን ደረሳቸው፦ በሦስት ሳምንት ውስጥ አቃባን ይልቀቁ።

የተባረሩት ሰው ማን እንደነበሩ በክፍል አንድ አይተናል፤ አዲስ አንባቢ ካለ ግን ባጭሩ ላስታውስ። ሁሴን በ1916 በቱርክ ላይ የተነሡት፣ የእንግሊዝ ተወካይ ማክማሆን ስለ ዓረቦች ነፃነት ከካይሮ የጻፈላቸውን ደብዳቤዎች አምነው ነው። በዚያ ዓመት ጁን ላይ ጅዳ ከቱርክ እጅ የወጣችው የእንግሊዝ መርከቦች ከባሕር በኩል እየደበደቡላቸው ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ሶርያ ለፈረንሳይ፣ ፍልስጤም ለእንግሊዝ ሆነ። በ1921 ቲ. ኢ. ሎውረንስ የእንግሊዝን የውል ረቂቅ ይዞ ጅዳ ድረስ መጣ። ሁሴን ቢፈርሙ የገንዘብ ድጎማውም ድጋፉም ይመጣላቸው ነበር። በፍልስጤምና በሶርያ ላይ የተጫነውን ሞግዚትነት ግን በፊርማቸው ሊያጸድቁት አልፈቀዱም። ንግግሩ በየጊዜው ቢቀጠልም እስከ መጨረሻው አልፈረሙም።

ሁሴንን ቅዱስ ላደርጋቸው አልፈልግም። ግትር ነበሩ፤ መካሪ አይሰሙም፤ ግብራቸው በነጋዴውም በሐጅ ተጓዡም ላይ ከብዶ ነበር። ማርች 1924 ቱርክ ኸሊፋነትን ስትሽር ማዕረጉን ለራሳቸው ማንሳታቸው ከኢብን ሳዑድ ጋር የነበረውን ጠብ አባባሰው፤ በሕንድም ያለውን ሙስሊም አስቆጣ። በዚያ ፊርማ ጉዳይ ግን የተከበረ ነገር ሠርተዋል ብዬ አምናለሁ። ሁለት ልጆቻቸው ዘውድና ሥልጣን የያዙበትን ኃይል፣ እሳቸው ቃሉን ስላጠፈ ብቻ እምቢ አሉት። ዋጋውንም ብቻቸውን ከፈሉ። ፈይሰል በባግዳድ ንጉሥ ነው፣ አብደላ በአማን አሚር ነው፤ ሁለቱም የቆሙት በእንግሊዝ ድጋፍ ስለሆነ አባታቸውን ማስጣል አልቻሉም።

ሽማግሌው ተቃወሙ። ጊዜው ግን አልቆመላቸውም። ጁን 18 ቀን 1925 ደልሂ የተባለችው የእንግሊዝ ክሩዘር ከአቃባ ይዛቸው ወጣች፤ መድረሻቸው ቆጵሮስ ነበር። አንድ ጥይት አልተተኮሰም። የዚያ ዘመን የባሕር ዲፕሎማሲ እንዲህ ነበር፤ መርከቧ መጥታ መልሕቋን መጣሏ ብቻ የደብዳቤውን የመጨረሻ መስመር ያነብባል። በዚያው ሰሞን አቃባና መዓን በትራንስጆርዳን ሥር ገቡ።

እዚህ ላይ የእኛ አንባቢ የሚያስታውሰው ሌላ ጉዞ ይኖራል። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከጅቡቲ ወደ ሃይፋ የተጓዙት ኢንተርፕራይዝ በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ነው። ሁለቱ ጉዞዎች አንድ አይደሉም። ንጉሠ ነገሥቱን ያስወጣቸው የጣልያን ወረራ ነው፤ ከአምስት ዓመት በኋላም ተመልሰው አዲስ አበባ ገብተዋል። ሁሴን መካን ዳግመኛ አላዩም። በ1931 አማን ላይ አርፈው ኢየሩሳሌም ተቀበሩ። ሆኖም በሁለቱም ጊዜ መርከቧን የላከው መንግሥት ከእንግዳው ዙፋን ይልቅ የራሱን ሒሳብ ነበር የሚያሰላው።

አሁን ወደ ጅዳ እንመለስ።

ጅዳ ፊት ለፊት ከኮራሉ ሪፍ ባሻገር ኮርንፍላወር ብቅ ትላለች፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተሠራች፣ በአበባ ስም የተሰየመች፣ ከ1,200 ቶን ብዙም የማትበልጥ ትንሽ የእንግሊዝ የጦር መርከብ። እንዲህ ያሉት መርከቦች ሥራቸው ብዙ ነው። የእንግሊዝ ዜግነት ያላቸውን የሕንድና የማላያ ሐጅ ተጓዦች ይጠብቃሉ፤ ለቆንስላዎች መከታ ይሆናሉ፤ ከአፍሪካ ወደ ዓረብ ዳርቻ ባሪያ የሚያሻግሩ ጀልባዎችንም ያድናሉ። በእነዚያ ጀልባዎች ከታጁራ በኩል በሌሊት የሚጫኑት በብዛት የእኛው አገር ልጆች ነበሩ። ኢትዮጵያ በሴፕቴምበር 1923 የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆና ነበር፤ ራስ ተፈሪም በማግስቱ ዓመት ባርነትን የሚያጠብ አዋጅ አውጥተዋል። ባሕሩን ግን አዋጅ አልዘጋውም። አንድ ባሪያ አምልጦ ጅዳ ካለው የእንግሊዝ ቆንስላ ደጃፍ ከደረሰ፣ ነፃ ወጥቶ ወደ ማዶ ሊሸኝ ይችል ነበር። ይህን በር ደርሰው ያንኳኩት ልጆች ታሪክ የራሱን ክፍል ይፈልጋል፤ እመለስበታለሁ።

ወርቁ ሲቋረጥ ጅዳ ደረቀች። የሚጠጣ ውኃዋ የሚገኘው ከባሕር ውኃ ነው፤ የከተማው ሰው ከንዳሳ የሚለው ማሽን እያፈላ ጨውን ይለይለታል፣ ማሽኑ ደግሞ ከሰል ይበላል። ከሰል ገንዘብ ይፈልጋል። ወታደሩም ደመወዙን ይፈልጋል። አሊ ሁለቱንም አጡ።

በኦክቶበር ጊልበርት ክሌይተን የተባለ የእንግሊዝ መልእክተኛ ጅዳ ወረደ። የከተማው ሰው አስታራቂ መጣ ብሎ ተስፋ ቢያደርግ አይፈረድበትም። ክሌይተን ግን በተከበበችው ከተማ በኩል አልፎ በመካ መንገድ ላይ ወዳለችው ወደ ባሕራ ሄደ። ከኢብን ሳዑድ ጋር ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ የናጅድን ድንበር ከኢራቅና ከትራንስጆርዳን ጋር ተነጋገረ። ኖቬምበር 1 እና 2 ቀን የባሕራና የሐዳ ስምምነቶች ተፈረሙ። አስተርጓሚና ጸሐፊ ሆኖ የረዳው ጆርጅ አንቶኒየስ በኋላ ስለ ዓረቦች ንቅናቄ ስመ ጥር መጽሐፍ ጽፏል። ስለ ጅዳ ዕጣ ግን በስምምነቶቹ ውስጥ አንዲት ቃል የለም። ክሌይተን በዚያ ጉዳይ እንዳይገባ ታዝዞ ነበር የመጣው።

አሊ ይህን ካዩ በኋላ ማንን ይጠብቁ? ዲሴምበር 5 ቀን መዲና እጇን ሰጠች። ለአሊ የቀረችላቸው ጅዳ ብቻ ናት ማለት ይቻላል። ከተማዋ ውስጥ ደመወዝ ያልተከፈለው ወታደር ያጉረመርማል፤ ከቅጥሩ ውጭ ኢኽዋኖች የገዢያቸውን ቃል ይጠብቃሉ። ኢብን ሳዑድ እስካሁን ጦራቸውን ወደ ከተማዋ በጉልበት አላስገቡም፤ የውጭ ቆንስላዎች ዓይን እያየ ጣኢፍ እንዳይደገም ይፈራሉ። ግን ዓመት ሙሉ የተገታ ጦር እስከ መቼ ይገታል?

በዲሴምበር አጋማሽ አሊ ወደ ተጠባባቂው የእንግሊዝ ቆንስላ ወደ ጆርዳን ላኩ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ ከተማዋን የማስረክብበትን ቃል ይዘህ ወደ ኢብን ሳዑድ ሂድልኝ። ከጠቡ ራቅ ሲባል የኖረው ቆንስላ እሺ አለ። የአሊን ቃል ይዞ ከቅጥሩ በር ወጣ፤ ወደ ከባቢው ሰፈርም አመራ።

ኢብን ሳዑድ ምሕረት ቢምሉ፣ ጣኢፍ የገቡት ሰዎች መሐላውን ያከብሩላቸው ይሆን? አሊስ መርከብ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ያልተከፈላቸው ወታደሮቻቸው መንገድ ይለቁላቸው ይሆን?

(ሳምንት ይቀጥላል)