የምርት አስተያየት ከገዢ ብቻ ይምጣን?

በኢንተርኔት አማካይነት የሚገበያይ ሸማች ዕቃውን በእጁ ሳይዳስስ ዋጋውን ይከፍላል፡፡ ለውሳኔው የሚረዳው ከሻጩ መግለጫ ቀጥሎ ሌሎች ሸማቾች ስለ ምርቱ የጻፉት አስተያየትና የሰጡት የኮከብ ብዛት ነው፡፡ አስተያየት ሰጪው ግን ምርቱን በእርግጥ የገዛ ሰው ነውን? ይህ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ለገበያ ድረ ገጾች የተተወ የአሠራር ጉዳይ ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ በቅርብ ዓመታት የሕግ አውጪዎችና የሸማች ጥበቃ ተቋማት ሥራ ሆኗል፡፡

የገበያ ድረ ገጾቹ አሠራር አንድ ዓይነት አይደለም፡፡ የአሜሪካው አማዞን ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የደንበኞችን አስተያየት የሚያስተናግድ ሲሆን፣ ዕቃው ከራሱ መደብር መገዛቱን ሲያረጋግጥ በአስተያየቱ ላይ “የተረጋገጠ ግዢ” የሚል ምልክት ያኖራል፡፡ ምልክት የሌላቸው አስተያየቶችም ይወጣሉ፡፡ በሆቴል አገልግሎት ረገድ ደግሞ ኤክስፔዲያ በእርሱ በኩል ክፍል ይዘው ካረፉ ደንበኞች ብቻ አስተያየት ሲቀበል፣ ትሪፕአድቫይዘር ማንኛውም ሰው እንዲጽፍ ይፈቅድ ነበር፡፡

ዲና ሜይዝሊን፣ ያኒቭ ዶቨርና ጁዲት ሼቫሊየ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ልዩነት መነሻ በማድረግ በሁለቱ ድረ ገጾች ላይ ስለ አንድ ሆቴል የተሰጡ አስተያየቶችን አነጻጽረዋል፡፡ በ2014 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ጥናታቸው እንደሚያመለክተው፣ በቅርብ ርቀት ተወዳዳሪ ጎረቤት ያለው ሆቴል በትሪፕአድቫይዘር ላይ የሚደርስበት መጥፎ አስተያየት በኤክስፔዲያ ላይ ካለው ጋር ሲነጻጸር የበዛ ነው፡፡ ምክንያቱ ግልጽ ነው፡፡ በኤክስፔዲያ ላይ ለመዋሸት የፈለገ ሰው አስቀድሞ የክፍል ኪራይ መክፈል ይኖርበታል፤ በሌላኛው ግን ውሸቱ ምንም ወጪ አያስከትልበትም፡፡ አስተያየት ከገዢ ብቻ ይምጣ ለሚሉት ወገኖች ከዚህ የጠነከረ ማስረጃ ማግኘት ያዳግታል፡፡

ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ጉዳዩን አወሳስቦታል፡፡ ኤሪክ አንደርሰንና ዳንካን ሲሜስተር የራሱን ምርት በራሱ መደብሮች ብቻ የሚሸጥ አንድ የልብስ ኩባንያን መዝገብ መርምረው፣ ከአስተያየቶቹ 5 በመቶ ያህሉ ልብሱን ስለመግዛታቸው ማስረጃ በሌላቸው ደንበኞች የተጻፉ መሆናቸውን አረጋገጡ፡፡ እነዚህ አስተያየቶች ከሌሎቹ ይልቅ ዝቅተኛ ኮከብ የሰጡ ነበሩ፡፡ የተፎካካሪ ሥራ ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነበር፡፡ የግዢ መዝገቡ ሲታይ ግን ጸሐፊዎቹ በአብዛኛው ከኩባንያው ብዙ ዕቃ ለዓመታት የገዙ ታማኝ ደንበኞች ሆነው ተገኙ፡፡ ያልለበሱትን ልብስ መንቀፋቸው ተገቢ ነው ባይባልም፣ ቅጥረኞች አልነበሩም፡፡

የ“ገዢ” ትርጉም ራሱም እንደሚታሰበው ግልጽ አይደለም፡፡ ለአብነት የአንድ መሥሪያ ቤት ፎቶ ኮፒ ማሽን ገዢ የግዢ ክፍሉ ነው፤ ወረቀት ሲጎርስበት ቀለም ሲያልቅበት ጠባዩን ቀን በቀን የምታውቀው ግን የጽሕፈት ሠራተኛዋ ናት፡፡ ደረሰኝ ብቻ መመዘኛ ቢሆን ኖሮ የእርሷ ቃል ውድቅ ይሆናል፡፡ በስጦታ ያገኘ፣ ከቤተሰቡ ጋር በጋራ የሚጠቀም፣ እንዲሁም ዕቃ አዝዞ ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ዕቃው ሳይደርሰው የቀረ ሰውም ባለቤት ባይባሉም የሚናገሩት ነገር አላቸው፡፡ በተለይ የመጨረሻው ሰው ቃል ለቀጣዩ ሸማች እጅግ ጠቃሚ ነው፡፡

በአንጻሩ ባለቤትነት ራሱ የሚሸጥና የሚገዛበት ገበያ ተፈጥሯል፡፡ ሼሪ ሄ፣ ብሬት ሆለንቤክና ዳቪዴ ፕሮሰርፒዮ በ2022 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንደተመለከተው፣ ሻጮች በፌስቡክ ቡድኖች አማካይነት ሰዎችን ይመለምላሉ፡፡ የተመለመለው ሰው ዕቃውን ከአማዞን በገዛ ገንዘቡ ይገዛል፤ አምስት ኮከብ ሰጥቶ ያሞግሳል፤ ከዚያም ሻጩ ገንዘቡን ከአማዞን ውጪ ይመልስለታል፡፡ ዕቃውም በእጁ ይቀራል፡፡ እንግዲህ ግዢው እውነተኛ ነው፣ ባለቤቱም እውነተኛ ነው፣ “የተረጋገጠ ግዢ” የሚለው ምልክትም በትክክል የተሰጠ ነው፤ ሐሰት የሆነው አስተያየቱ ብቻ ነው፡፡ ጥናቱ እንደሚለው ሻጮቹ ይህን ምልመላ ሲያቆሙ የምርቶቹ አማካይ ኮከብ ያሽቆለቆለ ሲሆን፣ የአንድ ኮከብ አስተያየቶች ድርሻ ጨምሯል፡፡ እነዚህ የአንድ ኮከብ አስተያየቶች ተታለው የገዙ ሰዎች ድምፅ መሆናቸውን መገመት አያዳግትም፡፡

እውነተኛ ገዢዎች በጻፉትም ላይ ቢሆን ማዛባት ይቻላል፡፡ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ፋሽን ኖቫ የተባለው የልብስ ሻጭ ከአራት ኮከብ በታች የተሰጡ አስተያየቶችን ከድረ ገጹ እንዲታገዱ አድርጓል የሚል ክስ አቅርቦበት፣ ኩባንያው በጥር ወር 2022 እ.ኤ.አ. 4 ነጥብ 2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል፡፡

ከዚህ የተነሳ አገሮች ያወጧቸው ሕጎች ባለቤትነትን ብቸኛ መመዘኛ አላደረጉም፡፡ ከግንቦት 28 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተፈጻሚ የሆነው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ቁጥር 2019/2161፣ ነጋዴው አስተያየቶቹ ምርቱን በእርግጥ ከገዙ ወይም ከተጠቀሙ ሸማቾች የመጡ መሆናቸውን ያረጋግጥ እንደሆነና እንዴት እንደሚያረጋግጥ እንዲገልጽ ያስገድደዋል፡፡ “ከገዙ ወይም ከተጠቀሙ” የሚለው ሐረግ ልብ ሊባል ይገባል፤ ከላይ የተጠቀሰችው የጽሕፈት ሠራተኛ በዚህ ሐረግ ውስጥ ቦታ አላት፡፡ አረጋግጫለሁ ብሎ ተገቢውን የማጣራት ርምጃ ያልወሰደ ነጋዴ ደግሞ ተገቢ ባልሆነ የንግድ አሠራር ይጠየቃል፡፡

የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ከጥቅምት 21 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው ደንብም መለኪያው ልምድ ነው፡፡ በሌለ ሰው ስም የተጻፈ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ተፈብርኮ የሸማች ቃል ሆኖ የቀረበ ወይም ምርቱን ፈጽሞ ባልሞከረ ሰው የተሰጠ አስተያየት መሸጥና መግዛት ተከልክሏል፡፡ አስተያየቱ ጥሩ ወይም መጥፎ እንዲሆን በቅድመ ሁኔታ መክፈልም እንዲሁ፡፡ በብሪታንያ ተመሳሳይ ክልከላ ከሚያዝያ 6 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ተፈጻሚ ነው፡፡

በኢትዮጵያ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሐሰተኛና አሳሳች የንግድ ማስታወቂያን የከለከለ ሲሆን፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ ለኢንተርኔት ንግድ የሕግ መሠረት ጥሏል፡፡ ገንዘብ የተከፈለበት የሸማች አስተያየት ማስታወቂያ ነው ከተባለ፣ ክልከላው እርሱንም ይመለከታል ብሎ መከራከር ይቻላል፡፡ አስቸጋሪው ማስረጃው ነው፡፡ የግዢው መዝገብ በገበያ ድረ ገጹ እጅ ይገኛል፤ ሻጩ ለአሞጋሹ የመለሰው ገንዘብ ግን የሚያልፈው በሌላ መንገድ፣ በባንክ ወይም በሞባይል ክፍያ ነውና ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ማየት የሚችል አካል እስካልተመደበ ድረስ ምርመራው ከደረሰኙ አልፎ አይሄድም፡፡