ስለ ተወረሰ ዳዊት

ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ዕቃ ብዙ ዓይነት ነው። በአንዱ ቤት ጋሻ፥ በአንዱ ቤት የብር አምባር፥ በሌላው ቤት የብራና ዳዊት ይገኛል። ዕቃው ባረጀ ጊዜ ወራሹ ሊጠግነው ይገባል። ነገር ግን ጠጋኝ ሁሉ ጠባቂ አይደለም፤ ዕቃውን አድሶ መታሰቢያውን የሚያጠፋ አለና። ይህም በዳዊት ላይ በግልጥ ይታያል።

የብራና ዳዊት ብዙ ድካም የፈሰሰበት ሥራ ነው። የፍየል ቆዳ በውሃ ተዘፍዝፎ፥ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፥ ሥጋውና ጠጕሩ ተፍቆ ብራና ይሆናል። ጸሓፊውም በመቃ ብዕር ጥቍሩንና ቀዩን ቀለም እያፈራረቀ 150ውን መዝሙር፥ መሐልየ ነቢያትን፥ መሐልየ ሰሎሞንንና ውዳሴ ማርያምን ይጽፋል። ከዚህ በኋላ ጥራዙ ተሰፍቶ በሁለት የእንጨት ገበታ መካከል ይያዛል፤ የቆዳ ማኅደርም ይበጅለታል።

የዚህ መጽሐፍ ጠላቶች እርጥበት፥ እሳት፥ አይጥና ቸልተኝነት ናቸው። ብራና ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል፤ ከእሳት ዳር ቢያሰጡት ደግሞ ይብሱን ይኰማተራል። ስለዚህ ነፋስ ባለበት ጥላ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ማድረግ ይሻላል። የቀድሞ ጸሓፊዎች የተቀደደውን ብራና በቀጭን ክር ወይም በጅማት ይሰፉት ነበር። ገበታውም ሲሰነጠቅ አይጥሉትም፤ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ጥቃቅን ቀዳዳ በስተው ያያይዙት ነበር። እንዲህ ያለ ስፌት ያለባቸው መጻሕፍት እስከ ዛሬ ይገኛሉ። ከሱቅ የተገዛ ሙጫ ግን አይበጅም፤ ከቀለሙ ጋራ ተጣብቆ ኋላ ያለ ጕዳት አይላቀቅምና። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ አንዲት ክር ስትበጠስ ያላሰፋ ኋላ ጥራዙ ሁሉ ይበተንበታል።

አንዳንድ ሰው፦ «የታተመ ዳዊት በጥቂት ገንዘብ ይገዛል፤ ስለ አሮጌው መድከም ለምን ያስፈልጋል?» ይላል። እውነት ነው፤ የግዕዝ ዳዊት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1513 ዓመት በሮም ከተማ ታትሟል፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ ጊዜ ታትሟል፤ ቃሉም ያው ነው። ነገር ግን በታተመው ላይ የቤተ ሰቡ ነገር የለበትም። በአሮጌው ዳዊት ባዶ ቅጠሎች ላይ የልጆች ልደት፥ የክርስትና ስም፥ የሙታንም ዕለተ ሞት ተጽፎ ይገኛል። ዘወትር ይገለጥ የነበረው ገጽ ኅዳጉ በጣት ጠቍሯል፤ የጧፍም ጠብታ አለበት። ሟቹ በጭንቀቱ ቀን የትኛውን መዝሙር ይደግም እንደ ነበረ ያ ጥቍረት ይናገራል።

እንግዲህ አነጻለሁ ብሎ ኅዳጉን የሚቈርጥ፥ ባዶውን ቅጠል አውጥቶ የሚጥል ሰው ወላጆቹን ዳግመኛ ይቀብራቸዋል። ከዚህም የሚከፋው የቀድሞውን ባለቤት ስም በካራ ፍቆ የራሱን ስም የሚጽፍ ነው። በተፋቀው ቦታ ብራናው ሻካራ ሆኖ ይቀራል፤ በዚያ ስም እንደ ነበረ ያየ ሁሉ ያውቃል፥ የማን እንደ ነበረ ግን የሚያውቅ የለም።

ደግሞም ያልተጻፈው ከተጻፈው ይበዛል። ዳዊቱን ማን አጻፈው? ለጸሓፊው ምን ተከፈለው? በጣልያን ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓመተ ምሕረት፥ በየት ተሸሽጎ ቈየ? ይህን የሚያውቁ የቤቱ ሽማግሌዎች ናቸው። ስለዚህ አስተዋይ ልጅ ጠጋኝ ከመፈለጉ አስቀድሞ አያቶቹን ይጠይቃል፤ የሰማውንም በሌላ ወረቀት ጽፎ ከዳዊቱ ጋራ በማኅደሩ ያኖራል። የተሰነጠቀ ገበታ ከመቶ ዓመትም በኋላ ሊሰፋ ይችላል፤ ሽማግሌው ሳይጠየቅ ከሞተ ግን የሚያውቀው ሁሉ አብሮት ይቀበራል።