በደን ዳር ያለፈው ማን ነው? የሺምባ ሂልስን የዱር እንስሳት በዱካቸው መለየት

ከሞምባሳ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በኬንያ ክዋሌ ካውንቲ የሚገኘው የሺምባ ሂልስ ደን ከሕንድ ውቅያኖስ ብዙም ሳይርቅ በኮረብታ ላይ የተዘረጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ብሔራዊ ጥብቅ ስፍራ ሆኗል። ጎብኚዎች ወደዚያ የሚሄዱት በአብዛኛው ዝሆኑንና ሴብል የሚባለውን ባለ ቆልማማ ቀንድ የዱር እንስሳ ለማየት ነው፤ ሴብል በኬንያ ከዚህ ሌላ ቦታ አይገኝም። በደኑ ዙሪያ ከብት የሚያረቡ ሰዎች ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ማታ ከጫካ ወጥቶ በግጦሹ ላይ ያለፈው የትኛው እንስሳ ነው? ገንዲን ወይም መዥገርን መጠንቀቅ፣ ለሞተች ፍየልም ካሣ መጠየቅ የሚቻለው ይህ ሲታወቅ ነው።

በረት ውስጥ የሞተ እንስሳ ሲገኝ ብዙውን ጊዜ ወዲያው የሚወነጀለው ነብር ነው። ነብር በአብዛኛው ጉሮሮ አንቆ ይገድላል፤ ዱካው ክብ ሲሆን የጥፍር ምልክት አይታይበትም። ጅብ ጥፍሩን መሰብሰብ ስለማይችል በዱካው ጫፍ ደነዝ የጥፍር ነጥቦች ይታያሉ፤ የፊት እግሩ ዱካም ከኋላው ይበልጣል። ሆድና ታፋ ዘንጥሎ አጥንቱን ሳይቀር ስለሚበላ ኩሱ ሲደርቅ ይነጣል። በእግር፣ በጅራትና በጆሮ ላይ የተበታተነ ብዙ ንክሻ ከተገኘ ግን መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የመንደር ውሻ ነው። ሌላው የሚረሳ ነገር ቆዳ ገፎ ማየት ነው። እንስሳው በሕይወት ሳለ ተነክሶ ከሆነ ከንክሻው ሥር ደም ቋጥሮ ይገኛል። ደም ካልቋጠረ አውሬው የበላው በሌላ ምክንያት የሞተውን ነው፤ ያኔ የሚፈለገው የእንስሳት ሐኪም ነው።

ይህ ልዩነት ገንዘብም አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የኬንያ የዱር እንስሳት ሕግ ለከብት ጉዳት ካሣ የሚፈቅደው በሰንጠረዡ ለተዘረዘሩ አውሬዎች ብቻ ነው። ውሻ የገደለው አይካስም። ስለዚህ ሬሳው ሳይነሳና ዱካው ሳይረገጥ ፎቶ ማንሳት፣ ከዚያም ለኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት ማመልከት ይበጃል።

ዓመቱን ሙሉ አርቢውን የሚያንገላታው ግን ገንዲ ነው። የጊቤን፣ የዲዴሳን ወይም የኦሞን ሸለቆ የሚያውቅ የከብት ነጋዴ በሽታው ምን እንደሚያደርግ መንገር አያሻውም። በሺምባ ሂልስ ሦስት ዓይነት ቆላ ዝንብ አለ፦ ግሎሲና ፓሊዲፔስ፣ ግሎሲና ኦስቴኒ እና ግሎሲና ብሬቪፓልፒስ። የዱር እንስሳቱ የገንዲን ተሕዋስ በደማቸው ይዘው ሳይታመሙ ይኖራሉ፤ ዝንቡ ከእነሱ መጥጦ ወደ ከብቱ ያደርሰዋል። ሆኖም ዝንቡ የሁሉንም ደም እኩል አይወድም። ኦስቴኒ ከሁሉ አስበልጦ የጫካ አሳማን ይመርጣል፤ ፓሊዲፔስ አሳማን፣ ድኩላንና ጎሽን ያዘወትራል።

የጫካ አሳማን ከከርከሮ መለየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያል። ከርከሮ የቀን እንስሳ ነው። ሣር የሚግጠው ተንበርክኮ ነው፣ ሲሮጥ ጅራቱን እንደ ችካል ያቆማል፣ ፊቱ ላይ ኪንታሮት የሚመስል እብጠትና ረጅም ቆልማማ ክራንቻ አለው። የጫካ አሳማ በአብዛኛው ማታ ይወጣል፤ ጸጉራም ነው፣ ጀርባው ላይ ነጣ ያለ ጋማ አለው፣ ክራንቻው አጭር ስለሆነ ከሩቅ አይታይም፣ ሲሮጥም ጅራቱ ወደ ታች ነው። እሱን በዓይን ማየት ብርቅ ስለሆነ የሚፈለገው ምልክቱ ነው፦ በማረሻ የተገለበጠ የሚመስል አፈር፣ ከኮቴውም በስተኋላ ብዙ ጊዜ የሁለት ትናንሽ ጥፍሮች ምልክት። ቀን የሚውለው ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦ ውስጥ ነው፤ ኦስቴኒም ከዚያ ጥላ ብዙ አይርቅም። እንዲህ ዓይነት ምልክት የበዛበትን የጫካ ጫፍ መንጋው ቢርቀው ይሻላል። ብሬቪፓልፒስ የሚነቃው በተለይ ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስትጠልቅ በመሆኑ፣ በጫካ ዳር ማልዶ መንዳትም አምሽቶ መመለስም አይመከርም።

ድኩላ ብቻውን ይሄዳል፤ ኮቴው ጠባብና ሹል ነው፣ ሲደነግጥም እንደ ውሻ ይጮኻል። የጎሽ ኮቴ የበሬ ቢመስልም ይሰፋል፣ ይከብባልም፤ እበቱም ከከብት እበት ጋር በቀላሉ ይምታታል። ጎሽ አፍተግርን ለዓመታት ይዞ ሊቆይ ይችላል። ከእሱ በመዥገር የሚተላለፈው ታይሌሪያ ደግሞ ለከብት ገዳይ ነው፤ ለኢስት ኮስት ፊቨር የተከተበ ከብት እንኳ ከጎሽ ከሚመጣው ሙሉ በሙሉ አይጠበቅም። የጎሽ ዱካ በታየበት ውኃ ላይ ከብት ማጠጣት ቢቀር ይመረጣል።

ከሁሉ የሚገርመው ደፈርሳ ነው። በኢትዮጵያ የሚታየው መቀመጫው ላይ ድፍን ነጭ ምልክት አለው፤ በኬንያ ባሕር ዳርቻ ያለው ዘመዱ ግን ነጭ ቀለበት ነው ያለው። ቆላ ዝንብ በሚርመሰመስበት ቦታ ቢኖርም ዝንቡ ብዙም አይነካውም፤ ሽታውን ይጠላል። መቀመጫውን ናይሮቢ ያደረገው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ ኢሲፔ፣ የዚህን ሽታ ቅመሞች ለይቶ በከብት አንገት ላይ የሚንጠለጠል ማሰሪያ ሠርቷል። በሺምባ ሂልስ ዙሪያ በአርቢዎች ከብት ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ውጤት በሽታው ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል። ማሰሪያው ዝንቡን አይገድልም፤ የሚያደርገው ማራቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ሽታው ሲያልቅ መሞላት አለበት፣ የታመመ ከብትም መድኃኒቱን ማግኘት አለበት። ለዚህ አካባቢ ከብት የሚገዛ ደግሞ ከጣና ወንዝ የሚመጣውን የኦርማ ቦረና ዝርያ ቢጠይቅ አይቆጭም፤ ከሌላው ቦረና ይልቅ ገንዲን ይቋቋማል።