ደረቅ ድንችና የማኅበር ትርፍ

በጉና ተራራ ዙሪያ ባሉት የጋይንትና የእስቴ ደጋማ ቀበሌዎች ድንች ይመረታል። በመኸር ወቅት ዋጋው ሲወድቅ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው አድርቀው ቢሸጡት ያተርፋሉን? መልሱን ለማግኘት ከውኃው እንነሣ።

ከድንች ክብደት 80 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው። ስለዚህ ከ100 ኪሎ ድንች፣ እርጥበቱ 10 በመቶ እስኪደርስ ብናደርቀው፣ የምናገኘው 22 ኪሎ ገደማ ነው፤ ልጣጩ ሲቀነስ ደግሞ ከዚህም ያንሳል። እንግዲህ የ1 ኪሎ ደረቅ ድንች ዋጋ ቢያንስ የ4 ኪሎ ተኩል ጥሬ ድንች ዋጋን፣ እንዲሁም የጉልበትና የማድረቂያ ወጪን መሸፈን ይኖርበታል። ክብደት እንዲያነሣ ተብሎ በሚገባ ሳይደርቅ የታሸገ ድንች ይሻግታል፤ ገዢም ይሸሻል።

በ2009 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985 ማኅበራት በአባላት ዴሞክራሲያዊ ቁጥጥር እንዲመሩ ይደነግጋል። ይህ ቁጥጥር ፍሬ የሚያፈራው ግን ጥሬው ሲገባና ደረቁ ሲወጣ በአባላት ፊት እየተመዘነ ሲመዘገብ ነው።