የደጋ አፕል በስሎው ኩከር

በሰሜን ሸዋው ጣርማ በር ውሃ 90 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል። ቦታው ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል አየሩ ስስ ነው፤ የአየሩ ጫና ሲቀንስ ውሃው ቶሎ ይንተከተካል፣ ሙቀቱ ግን ከዚያ አልፎ አይሄድም። የባቄላ ንፍሮ ጥደው ግማሽ ቀን የሚጠብቁ የመንዝና የይፋት እናቶች ይህን ያለ ቴርሞሜትር ያውቁታል። በዚህ ጋራ ላይ ምግብ ጊዜ ይፈልጋል። እዚህ የማስተዋውቃችሁ ምግብም ማብሰያውም ሥራቸው ጊዜ መውሰድ ነውና ከጣርማ በር የተሻለ አገር አላገኘሁላቸውም።

ምግቡ አፕል በተር ይባላል። ስሙ የቅቤ ይሁን እንጂ ቅቤ አይነካውም። የአፕል ሥጋ ከስኳርና ከቅመም ጋር ለሰዓታት ሲበስል ውሃው ይተናል፤ የቀረው ጠይሞ በዳቦ ላይ የሚቀባ ወፍራም ማርማላታ ይሆናል። ሁዳዴን በሻይና በደረቅ ዳቦ ለሚገፋ ጾመኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የተለመደው ማርማላታ ለፍሬው ክብደት የሚጠጋ ስኳር ሲበላ፣ ለዚህኛው ለ3 ኪሎ አፕል 400 ግራም ስኳር ይበቃዋል። የሚያወፍረው መትነኑ ነው።

አፕል በአገራችን ሲነሳ ቀድማ የምትጠራው ጨንቻ ናት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሚስዮናውያን ወደ ጋሞ ደጋ ያስገቡት ችግኝ ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው ብርድ ውስጥ ለመደ፣ ተባዛ፣ ተሸጠ። ጨንቻ ከፍሬው ባልተናነሰ በችግኙ ትታወቃለች፤ ሌሎች ደጋማ አካባቢዎችም አፕልን ያወቁት በአመዛኙ ከዚያ በወጣ ችግኝ ነው። የሰሜን ሸዋ ደጋ ደግሞ ዛፉ የሚፈልገውን ብርድ በነጻ ይሰጣል። አፕል ከ7 ዲግሪ በታች የሆኑ ብዙ መቶ ሰዓታትን ካላሳለፈ በደንብ አያብብም። የአሜሪካና የአውሮፓ ታዋቂ ዝርያዎች እስከ 1,000 ሰዓት ይጠይቃሉ፤ ለእኛ ዓይነቱ ብርዱ ከሌሊት ለማያልፍ አገር የተመቸው በእስራኤል የተዳቀለው አና ነው፣ 300 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። አና ግን ብቻውን አያፈራም ማለት ይቻላል፤ አጠገቡ በተመሳሳይ ጊዜ የሚያብብ ሌላ ዝርያ ይፈልጋል። ለዚህ የሚመረጠው ከባሃማስ ደሴት የመጣው ዶርሴት ጎልደን ነው። አንድ ችግኝ ብቻ ገዝቶ ጓሮው ውስጥ ተክሎ «ይህ ዛፍ መካን ነው» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የጎደለው ይኸው ጎረቤት ነው።

ጣርማ በር የአባይንና የአዋሽን ተፋሰስ የሚለይ ጋራ ነው። በምዕራብ የወረደው ዝናብ በጀማ በኩል ወደ አባይ፣ በምሥራቅ የወረደው ወደ አዋሽ ይሄዳል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን ዋሻ አልፎ ቁልቁል የወረደ መኪና በደብረ ሲና ቆሎ ሻጮች ይከበባል፤ ጥቂት ቆይቶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ካፖርቱን አውልቆ ማንጎ ይገዛል። ደጋው ላይ ያለው ገበሬ ግን ከብርዱ ጋር ውርጩንና በረዶውንም ይቀበላል። ውርጭ አበባውን ያቃጥላል፤ በረዶ ፍሬውን ይፈነክታል። የተፈነከተ አፕል ከውስጥ ጣዕሙ ያው ቢሆንም የአዲስ አበባ ፍራፍሬ ቤት አይቀበለውም፤ እዚያ የሚፈለገው ከውጭ እንደሚመጣው በአንድ ልክ የተሠራ የሚመስል፣ የሚያብለጨልጭ ነው። አፕል በተር የተፈጠረው ለተጣለው ፍሬ ነው ብል አላጋነንኩም።

በሊምቡርግ፣ ዛሬ ቤልጂየም፣ ሆላንድና ጀርመን በሚዋሰኑበት አካባቢ፣ አፕልን አብስሎ አወፍሮ ለክረምት ማስቀመጥ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። ወደ ፔንሲልቫኒያ የተሰደዱ ጀርመኖች ልማዱን ይዘውት ሄዱ። መንደርተኛው በመከር ተሰብስቦ ትልቅ የመዳብ ጋን በእሳት ላይ ይጥድና እጀታው ረዥም በሆነ የእንጨት ማማሰያ ከማለዳ እስከ ማታ በተራ ያማስላል። ማማሰሉ ካቆመ ታችኛው ያራል፤ ያረረ እንደሆነ ጋኑ ሙሉ ይበላሻል። ስሎው ኩከር የተባለው የኤሌክትሪክ ማብሰያ ያስቀረው ይህንን ዘበኝነት ነው።

የማሽኑ አባት አሜሪካዊው መሐንዲስ ኧርቪንግ ናክሰን ነው። እናቱ በልጅነቷ በሊትዌኒያዋ ቪልና ያየችውን ትነግረው ነበር፤ አይሁድ ሰንበት ከመግባቱ በፊት የባቄላና የሥጋ ድስታቸውን ወደ ዳቦ ጋጋሪ ይወስዱና እየቀዘቀዘ በሚሄደው ምድጃ ውስጥ ያሳድሩታል፤ ማግስቱን የበሰለ ምግብ ያገኛሉ። ናክሰን ይህን ሐሳብ ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ እ.ኤ.አ. በ1940 የፈጠራ መብት አገኘበት። ራይቫል የተባለ ኩባንያ በ1970 ድርጅቱን ገዛውና በማግስቱ ዓመት «ክሮክ ፖት» ብሎ ገበያ ላይ አወጣው። በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ለዶሮ ወጥ የሚሆነውን ሽንኩርት ሌሊቱን የሚያቁላሉበት ይኸው ነው።

ሥራው ቀላል ነው። ወፍራም የሸክላ ድስት በብረት ሽፋን ውስጥ ይቀመጣል፤ የሚግለው ሽቦ በሽፋኑ ግድግዳ ዙሪያ ተጠምጥሟል። እሳቱ ከሥር አይመታም፤ ሙቀቱ እንደ ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ዙሪያውን ያቅፈዋል። «ዝቅተኛ» እና «ከፍተኛ» የሚሉት ማዞሪያዎች ሁለቱም በመጨረሻ ወደ መፍላት የተጠጋ ሙቀት ላይ ያደርሳሉ፤ ልዩነታቸው ፍጥነቱ ነው። በጣርማ በር ያ ጣሪያ 89 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ የባሕር ዳርቻ ሰው 10 ሰዓት ብሎ የጻፈውን እዚህ 12 ወይም 13 ብላችሁ አንብቡት። የአፕሉ መጠየምም በሙቀት ብርታት የሚመጣ አይደለም፤ የፍሬው ስኳር በመለስተኛ ሙቀት ረጅም ሰዓት ሲቆይ ቀስ በቀስ ይጠቁራል።

መብራት ይበላል ወይ? የ6 ሊትር ዕቃ 250 ዋት ገደማ ይወስዳል። በ12 ሰዓት 3 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው፤ 3,500 ወይም 4,000 ዋት የሚጎትት የእንጀራ ምጣድ በአንድ ሰዓት ከዚያ በላይ ይጨርሳል። የሚያስፈራው ሌላ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጣው ዕቃ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ በቀጥታ 220 ላይ ከተሰካ ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ስቦ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ካልተገኘ ዕቃውን ለጌጥ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። በብርድ ያደረ ሸክላ ላይ የፈላ ነገር መገልበጥም ይሰነጥቀዋል። መብራት መሐል ላይ ከጠፋ ደግሞ ወደ ብረት ድስት ገልብጦ በተዳፈነ ከሰል ላይ መጨረስ ነው፣ በማማሰያ እየጠበቁ እንደ ፔንሲልቫኒያዎቹ።

አሠራሩ እነሆ። 3 ኪሎ አፕል ይላጣል፣ ፍሬ ማቀፊያው ወጥቶ ይከተፋል። በረዶ የመታው ቦታ ተቆርጦ ይጣላል፤ የሻገተ ፍሬ ግን እንዳለ ይወገዳል፣ ሻጋታው የሚተወው መርዝ በማብሰል አይጠፋምና። ስኳሩ 400 ግራም፣ የተፈጨ ቀረፋ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ቅርንፉድ የሻይ ማንኪያ ሩብ፣ ጨው ቁንጥር። ቀረፋውና ቅርንፉዱ እኛ በየሱቁ የምንገዛው የሻይ ቅመም ነው፤ ፈረንጆቹ ገውዝ ይጨምሩበታል፣ እኔ በእሱ ፈንታ ኮረሪማ እመርጣለሁ፣ ግን ጥቂት፤ ኮረሪማ ከበዛ አፕሉን ያጠፋዋል። ውሃ አይጨመርም፤ አፕል ራሱ ከመቶ 85 እጁ ውሃ ነው። ማታ በዝቅተኛው ላይ ተከድኖ ያድራል። ጠዋት የላመውን በማንኪያ መፍጨት ወይም በወንፊት ማሳለፍ፣ ከዚያ ክዳኑን አንስቶ ሁለት ሦስት ሰዓት ማትነን ነው። ብዙዎች የሚያበላሹት እዚህ ላይ ነው፤ ክዳኑን ሳያነሱ ይጠብቁና ሾርባ ይወጣላቸዋል። መድረሱን ለማወቅ ቀዝቃዛ ሳህን ላይ አንድ ማንኪያ ጠብ ማድረግ፤ ዙሪያውን ውሃ ካልለቀቀ ደርሷል።

ለሳምንት ከሆነ ማቀዝቀዣ ይበቃል። ለዓመት ለማቆየት ለሚያስብ የጋራው ከፍታ እንደገና ይመጣል። አፕል ኮምጣጣ ስለሆነ በታሸገ ምግብ ውስጥ የሚያድገው ገዳይ ባክቴሪያ አይመቸውም፤ በዚህ ምክንያት በፈላ ውሃ ማሸግ ይቻላል። ትኩሱ ከግማሽ ሊትር በማይበልጥ ንጹሕ የመስታወት ጠርሙስ ይሞላል፣ በአዲስ ክዳን ይዘጋል፣ ጠርሙሱ ሙሉ በሙሉ በሚሰጥምበት ውሃ ይቀቀላል። በባሕር ጠለል 5 ደቂቃ የሚበቃው ከ1,800 ሜትር በላይ 15 ደቂቃ ይሆናል፣ ውሃው ከፈላ በኋላ ተቆጥሮ። ይህ ለአዲስ አበባም ለደብረ ብርሃንም ይሠራል። በሌላ ጊዜ የተከፈተ የማርማላታ ክዳን አይታመንም። ክዳኑ አብጦ ያገኛችሁትን፣ ሲከፈት የሚፍለቀለቀውን ወይም መጥፎ የሚሸተውን ጠርሙስ ሳትቀምሱ ጣሉት።