የአሮጌ ስፖርት መኪና ቀለም እድሳት

የአሮጌ ስፖርት መኪና ቀለም እድሳት በፀሐይና በእንክብካቤ ጉድለት የደበዘዘ ቀለም እንደገና ሳይቀባ ወደ ቀድሞ ድምቀቱ የሚመለስበት ሥራ ነው። ለምሳሌ በ1989 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ቀይ ቀለሙ ከጊዜ ብዛት ወደ ሮዝ ይለወጣል።

የቀለም ዓይነት

ባለ አንድ ሽፋን ቀለም በፖሊሽ ሲታሽ ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ይይዛል። ባለ ሁለት ሽፋን ከሆነ ግን ከቀለሙ በላይ መስታወት የመሰለ መከላከያ ስላለ ጨርቁ ቀለም አይዝም። ይህ መከላከያ ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮሜትር ብቻ የሚወፍር ሲሆን በፖሊሽ የተፋቀው አይተካም።

አሠራር

መኪናው በሻምፖ ይታጠባል፤ ሲዳሰስ የሚሻክር ቆሻሻ ለዚሁ በተሠራ ጭቃ ይነሳል። ቀጥሎ የቀለሙ ውፍረት ይለካል። እጅግ የወፈረ ቦታ ቀድሞ በስቱኮ የተሞላ ወይም እንደገና የተቀባ ሊሆን ይችላል። የኤምኤክስ-5 ኮፈን አሉሚኒየም ስለሆነ ለብረት ብቻ የተሠራ መለኪያ አያነበውም። ከዚያ ለስላሳ ፖሊሽ በትንሽ ቦታ ይሞከራል፤ ካልበቃ ብቻ ሻካራው ይከተላል። ጠርዞች ላይ ቀለሙ ስስ ስለሆነ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናሉ። በመጨረሻ ሰም ይቀባል፤ ሰሙ በየጊዜው ካልታደሰ ቀለሙ ተመልሶ ይደበዝዛል።

ገደብ

መከላከያው መላጥ ከጀመረ ፖሊሽ አያድነውም፤ ክፍሉ ተፍቆ እንደገና መቀባት አለበት። ስለዚህ ያገለገለ መኪና ሲገዛ መደብዘዝንና መላጥን መለየት የእድሳቱን ወጪ አስቀድሞ ለመገመት ይረዳል።