«ዋሱ ማነው?» የስቴኪንግ ፑልን አደጋ ለሚያጠና ማን ይክፈል?

ባለፈው ክረምት ቦርደዴ፣ እናቴ ጋ ነበርኩ። ከአዋሽ ወደ ሚኤሶ በሚወስደው አስፋልት ዳር ትንሽ ሻይ ቤት አላት፤ ወደ ጭሮ፣ ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ የሚያልፉ ሹፌሮች ይቆሙባታል። በጭሮው ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእህቴ ልጅ ለእረፍት መጥቶ ስለነበር ስልኩን አሳየኝና «አጎቴ፣ ስቴኪንግ ፑል ውስጥ ትንሽ ብር ባስገባስ? ሰብሳቢ የለውም እኮ፣ የሚያስተዳድረው ኮድ ነው» አለኝ።

እናቴ ሰማችና ምን እንደሆነ ጠየቀች። «ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ትርፍ የሚካፈሉበት ነው፤ እቁብ በይው» አልኳት። ብርጭቆውን እያጠበች «ታዲያ ዋሱ ማነው?» አለች።

የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው፤ አሁንም ድኅረ ምረቃ ላይ ነኝ። ስለዚህ ጉዳይ ካነበብኩት ሁሉ ግን ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላገኘሁም። ዛሬ ከእናንተ ጋር መልሱን እንፈልግ።

መጀመሪያ፣ ስቴኪንግ ምንድን ነው?

ብሎክቼይን ማለት ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ የሚይዙት የሒሳብ መዝገብ ነው። ጥያቄው ቀጣዩን ገጽ ማን ይጻፍ የሚለው ነው። በቢትኮይን ገጹን የሚጽፈው ብዙ ኤሌክትሪክ አቃጥሎ ውድድሩን ያሸነፈ ነው። በስቴኪንግ ግን ጸሐፊው መያዣ ያስይዛል፤ በትክክል ከጻፈ ክፍያ ያገኛል፣ ካጭበረበረ ከመያዣው ይቆረጣል። ኢተሪየም እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 2022 ወደዚህ አሠራር ሲዞር የኤሌክትሪክ ፍጆታው ከ99 በመቶ በላይ ቀነሰ።

ችግሩ መያዣው ነው። አንድ ጸሐፊ ለመሆን ቢያንስ 32 ኢተር ያስፈልጋል፤ ይህ ለብዙ ሰው የማይታሰብ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ሰዎች ያዋጡና መያዣውን በጋራ ያስይዛሉ። ስቴኪንግ ፑል የሚባለው ይኼ ነው። ሰርቨሩን የሚያንቀሳቅሰው ኦፕሬተር ይባላል፤ የቀሩት አባላት ገንዘብ ብቻ ያስገባሉ።

እንግዲህ «ያልተማከለ» የሚባለው ፑል የእቁቡን ዳኛና ጸሐፊ በኮድ ተክቻለሁ የሚል ነው። ገንዘቡን የሚቀበለው፣ የሚያከፋፍለውና የሚቀጣው ኮድ ነው።

ወደ ዋሱ እንመለስ

እቁብ የደረሰው ሰው ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን አይወስድም፤ ወስዶ ቢጠፋ ዋሱ ይከፍላል። በፑል ውስጥስ? ኦፕሬተሩ ቢያጠፋ የሚቀጣው የማን ገንዘብ ነው?

መልሱ ከፑል ፑል ይለያያል። ሮኬት ፑል የተባለው ሲጀምር ኦፕሬተሩ ከራሱ 16 ኢተር እንዲያስይዝ ያደርግ ነበር፤ የቀረውን 16 አባላቱ ይሞሉታል። ቅጣት ሲመጣ መጀመሪያ የሚነካው የኦፕሬተሩ ድርሻ ነው። ራሱ ለራሱ ዋስ ሆነ ማለት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ሊዶ ደግሞ በአብዛኛው የሠራው በስማቸውና በልምዳቸው ተመርጠው በገቡ ኦፕሬተሮች ነው፤ እነሱ ከራሳቸው መያዣ ማስገባት አልነበረባቸውም። ዋሱ መልካም ስማቸው ነበር።

ሁለቱም «ያልተማከለ» ይባላሉ። የዋሱ ነገር ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ኮዱም ይሳሳታል

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 ሮኬት ፑል ሥራ ሊጀምር ሲል አንድ ቀዳዳ ተገኘበት። ነገሩ እንዲህ ነው። ለአንድ ጸሐፊ መያዣ ሲገባ «ገንዘቡ ሲወጣ ለዚህ አድራሻ ይሂድ» የሚል ትእዛዝ አብሮ ይመዘገባል፤ የሚጸናው መጀመሪያ የገባው ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ተንኮለኛ ኦፕሬተር ፑሉን ቀድሞ በራሱ አድራሻ ትንሽ ገንዘብ ቢያስገባ፣ በኋላ የሚመጣው የአባላት ገንዘብ ሁሉ መውጫው ወደ እሱ ይሆናል። በእቁብ መዝገብ ላይ ሰብሳቢው ሳያይ ስምን ቀድሞ እንደመጻፍ ማለት ነው።

ያው ቀዳዳ ሊዶንም ይነካ ነበር። ያገኘው ስቴክዋይዝ ከተባለ ተፎካካሪ ፑል የመጣ ሰው ነው፤ ሳይጠቀምበት ተናገረ፣ ሽልማትም ተከፈለው። ሮኬት ፑል ሥራ መጀመሩን አዘግይቶ ቀዳዳውን ደፈነ።

ሌላው አደጋ ብዙዎች አንድ ላይ ሲሳሳቱ የሚመጣው ነው። ቦርደዴ ውስጥ ሰርቨር አለኝ በሉ። መብራት ቢጠፋ ቅጣቱ ትንሽ ነው፤ የጎደለው የዚያን ሰዓት ገቢ ያህል ነው። «ለመብራቱ መፍትሔ» ብላችሁ በዚያው ቁልፍ አዲስ አበባ ሁለተኛ ሰርቨር ብትከፍቱና መብራት ሲመጣ ሁለቱም ቢሠሩ ግን ለአንድ ገጽ ሁለት ድምፅ ሰጣችሁ ማለት ነው። ኢተሪየም ይህን እንደ ማጭበርበር ይቆጥረዋል። ብቻውን የተሳሳተ ሰው የሚቀጣው በመጠኑ ነው፤ በተመሳሳይ ሰሞን ብዙዎች ከተሳሳቱ ግን ቅጣቱ እየከበደ ይሄዳል፣ አንድ ሦስተኛው አብሮ ካጠፋ ሙሉ መያዣ እስከማጣት ይደርሳል። ስለዚህ ትልልቅ ፑሎች አንድ ዓይነት ሶፍትዌር ሲጠቀሙ አንዲት ስህተት የሁሉም ትሆናለች።

መዝገቡን ለማጽናት ከመያዣው ሁለት ሦስተኛው መስማማት አለበት። እ.ኤ.አ. ሜይ 11 እና 12 ቀን 2023 አንዳንድ ሶፍትዌሮች ሥራ በዝቶባቸው ሲደናቀፉ ኢተሪየም አንድ ቀን ወደ 25 ደቂቃ፣ በማግሥቱም ከአንድ ሰዓት በላይ ገጾቹን ማጽናት አቅቶት ነበር። ሌሎች ሶፍትዌሮች ስላልተደናቀፉ መረቡ ራሱን አቃና። በዚያው ዓመት ሊዶ ብቻውን ከጠቅላላው መያዣ ወደ አንድ ሦስተኛ ተጠግቶ እንደነበር አስቡት።

ታዲያ ይህን ማን ያጥና? ማንስ ይክፈል?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ፑሉ ገቢ የሚያገኘው ሰው ገንዘብ ሲያስገባ ነው፤ «እዚህ ጋ አደጋ አለ» የሚል ጥናት ደግሞ ገንዘብ ያሸሻል። ኮዱን የሚመረምሩ ድርጅቶች አሉ፤ የሚከፍላቸው ግን ብዙ ጊዜ ተመርማሪው ነው። ቀዳዳ ላገኘ የሚሰጥ ሽልማትም ጥሩ ነው። ሆኖም ስድስት ወር ፈትሾ ምንም ያላገኘ ሰው ባዶ እጁን ይሄዳል፤ «ፈተሽኩት፣ ደህና ነው» የሚለው መልስ ለእናንተ ትልቅ ዋጋ ቢኖረውም። ደግሞም ሽልማቱ የኮድ ስህተት ለሚያገኝ እንጂ «ይህ ፑል ከመጠን በላይ አድጓል» ለሚል ሰው የተዘጋጀ አይደለም።

ካርዳኖን እንይ። እኛን በቀጥታ የነካን እሱ ነው። ድርጅቱ አይኦኤችኬ እ.ኤ.አ. በ2018 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የመግባቢያ ስምምነት ተፈራረመ፤ በ2019 አዲስ አበባ ላይ ወጣት ሴቶችን የሃስኬል ፕሮግራም አሠለጠነ፤ በኤፕሪል 2021 ደግሞ ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን መረጃ በካርዳኖ ላይ ለመመዝገብ ማቀዱን አስታወቀ። በሌላ በኩል ብሔራዊ ባንክ በ2022 በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አሳስቧል። ልብ በሉ፤ ካርዳኖም የሚጠበቀው በስቴኪንግ ፑሎች ነው። የተማሪ ውጤት እዚያ ላይ የሚያርፍ ከሆነ የፑሎቹ ጤንነት ሳንቲም ገዝቶ የማያውቀውንም ተማሪ ይመለከታል።

ካርዳኖ ላይ የአባሉ ገንዘብ ከቦርሳው አይወጣም፣ መያዣውም አይቀጣም። አደጋው መከማቸት ነው። ለዚህ ተመራማሪዎች በሒሳብ ያሰሉት ዘዴ አለ፦ ከዲሴምበር 2020 ጀምሮ አንድ ፑል ከጠቅላላው 1/500 ካለፈ የአባላቱ ድርሻ እየሳሳ ይሄዳል። ትልቅ መሆን አያዋጣም ማለት ነው። ያም ሆኖ አንድ ባለቤት በተለያየ ስም ብዙ ፑል ከመክፈት አይከለከልም።

ገንዘቡን በተመለከተ ካርዳኖ ለስቴኪንግ ከሚመደበው ክፍያ 20 በመቶውን ለጋራ ግምጃ ቤት ያስቀራል፤ ከዚያ ለሚወጣ በጀት አባላቱ ድምፅ ይሰጣሉ። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ሁሉም የሚጠቀምበትን ጥናት ሁሉም ይከፍልበታል። የእድር ነገር ነው። ግን ድምፅ የሚመዘነው ባላችሁ ሳንቲም መጠን ነው። ትልቁ ባለ ድርሻ በራሱ ላይ የሚደረግ ጥናት ይመርጣል ወይ?

በእኔ አስተያየት ሦስት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ለጥናቱ የሚከፍለው ከአንድ በላይ ይሁን፣ ከእነሱም ቢያንስ አንዱ ከሳንቲሙ ትርፍ የማያገኝ፣ ለምሳሌ ዩኒቨርሲቲ ይሁን። ሁለተኛ፣ ውጤቱ ለከፋዩ ጣመውም መረረውም እንደሚታተም ከመጀመሪያው በውል ይታሰር። ሦስተኛ፣ አጥኚው ራሱ ሳንቲም ካለው ይናገር። እኔ የለኝም።

ይህ ለእኛ የሩቅ ነገር አይምሰላችሁ። የሰንሰለቶቹ መረጃ ለማንም ክፍት ነው፤ የትኛው ፑል ስንት እንደያዘ ጭሮ ተቀምጦ መቁጠር ይቻላል። ውድ ቤተ ሙከራ አይጠይቅም፤ ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔትና የአንድ ተማሪ ጥቂት ወራት ይበቃሉ። ገንዘብ የሚጠይቁት እነዚያ ወራት ናቸው፤ ተማሪው እየበላ መሥራት አለበትና።

የእህቴ ልጅ ብሩን አላስገባም። የመመረቂያ ሥራውን በዚህ ላይ ሊሠራ አስቦ ስንት ካርዳኖ ፑል የአንድ ባለቤት እንደሆነ እየቆጠረ ነው። ለኢንተርኔት የሚሆነውን የምትሰጠው እናቴ ናት፤ በደወለ ቁጥርም «ዋሱን አገኘኸው?» ትለዋለች።